አንድ ሌሊት ብቻ የኖሩ ዜማዎች፦ የግሬትፉል ዴድ የመጀመሪያ ዓመታት መድረኮችና ያቆዩአቸው አድናቂዎች

በአሜሪካዋ የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ፣ ፊልሞር ዌስት በተባለው የሙዚቃ አዳራሽ፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1969 ምሽት «ግሬትፉል ዴድ» የተሰኘው የሮክ ባንድ «ዳርክ ስታር» የተባለውን ሥራውን ለታዳሚ አቀረበ። ይኸው ሥራ አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ በስቱዲዮ ተቀርጾ በሸክላ ሲወጣ ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም ነበር። በዚያ ምሽት ግን ከ23 ደቂቃ በላይ ወሰደ። በግጥሙ ላይ የተጨመረ አዲስ ስንኝ አልነበረም። ያን ሁሉ ጊዜ የሞላው ሙዚቀኞቹ እርስ በርሳቸው እየተደማመጡ፣ አንዱ የጀመረውን ሐሳብ ሌላው እየተቀበለ፣ በዚያው ሰዓትና በዚያው መድረክ ላይ የፈጠሩት ዜማ ነው።

ያ ምሽት ካለፈ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። በልዩ ልዩ አገሮች የሚኖሩ አድናቂዎች ግን ዛሬም ቅጂውን ያዳምጡታል። ከተከታዮቹ ሦስት ምሽቶች ዝግጅት ጋር ያነጻጽሩታል፣ የትኛው ምሽት ይበልጣል ብለው ይከራከራሉ፣ ከመካከላቸውም ከባንዱ የስቱዲዮ አልበሞች ይልቅ እነዚህን የመድረክ ቅጂዎች አብልጠው የሚወዱ ብዙዎች ናቸው። ይህ ፍቅር ከምን ይመነጫል? ደግሞስ ለአንድ ምሽት ብቻ ተጫውቶ የጠፋ ዜማ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ለሚወለድ አድማጭ ሊደርስ የቻለው በምን መንገድ ነው? የሁለቱም ጥያቄዎች መልስ በአድናቂዎቹ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። እነዚህ ሰዎች የወደዱትን ሙዚቃ ከማድነቅ አልፈው የመዝገብ ቤት ሥራ ሠርተውለታልና። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከፒዛ ቤት የተነሣ ባንድ

ባንዱ ሥራውን የጀመረው በ1965 ከሳን ፍራንሲስኮ በስተደቡብ በሚገኙት በፓሎ አልቶና በሜንሎ ፓርክ ከተሞች ነው። በመጀመሪያ «ዋርሎክስ» ይባል ነበር፤ በዚያው ዓመት ሜይ ወር ላይ በአንድ የሜንሎ ፓርክ ፒዛ ቤት ውስጥ ለሕዝብ መጫወት ጀመረ። በዓመቱ መጨረሻ «ግሬትፉል ዴድ» የሚለውን ስም ያዘ። ትርጉሙ «አመስጋኙ ሙት» እንደ ማለት ሲሆን በብዙ ሕዝቦች ዘንድ የሚነገር አንድ ጥንታዊ ተረት ያስታውሳል። በተረቱ ውስጥ አንድ መንገደኛ ቀባሪ ያጣ አስከሬን በራሱ ገንዘብ ያስቀብራል፤ የሟቹም መንፈስ ኋላ በመንገድ ተገልጦ ውለታውን ይመልስለታል።

አባላቱ ከተለያየ የሙዚቃ ቤት የመጡ ነበሩ። ጊታሪስቱ ጄሪ ጋርሲያ ባንጆ እየተጫወተ በብሉግራስ ሙዚቃ ውስጥ ያደገ ሰው ነው። ቤዝ ጊታር የያዘው ፊል ሌሽ ቀደም ሲል መለከት ይነፋ ነበር፤ በሚልስ ኮሌጅም ከጣሊያናዊው የሙዚቃ ቀማሪ ከሉቺያኖ ቤሪዮ ዘንድ ዘመናዊ ድርሰት ተምሯል፤ ወደ ባንዱ ሲገባ ግን ቤዝ ጊታር ነክቶ አያውቅም። «ፒግፔን» በሚል ቅጽል ስም የታወቀው ሮን ማከርናን ኦርጋንና ሃርሞኒካ እየተጫወተ ብሉዝ ያዜማል። ሁለተኛው ጊታሪስት ቦብ ዊር ባንዱ ሲመሠረት ገና የ17 ዓመት ልጅ ነበር። ድራሙን የያዘው ቢል ክሮይትስማን ሲሆን፣ በ1967 ሚኪ ሃርት ሁለተኛ ድራመኛ ሆኖ ተጨመረ። የብዙዎቹን ሥራዎች ግጥም የጻፈላቸው ሮበርት ሃንተር ደግሞ መድረክ ላይ የማይታይ አባላቸው ነበር ማለት ይቻላል።

የባንዱ የረዥም ጨዋታ ልማድ የተወለደው ደራሲው ኬን ኬሲ በ1965 መጨረሻና በ1966 ባዘጋጃቸው የሌሊት ድግሶች ላይ ነው። በእነዚያ ድግሶች ኤል.ኤስ.ዲ የተባለው አእምሮን የሚለውጥ ንጥረ ነገር ይታደል ነበር፤ በካሊፎርኒያ በሕግ የተከለከለው በ1966 ኦክቶበር ወር ላይ ነው። ይህን የታሪኩን ክፍል አለባብሶ ማለፍ አይቻልም፤ አደንዛዥ ነገርና መጠጥ በቀጣዮቹ ዓመታት ከባንዱ አባላት ጤናና ሕይወት ብዙ ወስደዋልና። ከሙዚቃ አንጻር ሲታይ ግን ሙዚቀኞቹ ከእነዚያ ሌሊቶች ያገኙት ዋነኛ ነገር ነጻነት ነበር። ለዳንስ ሦስት ደቂቃ ተጫውታችሁ አቁሙ የሚል ባለቤት አልነበረም። ሲፈልጉ ለሰዓታት ይጫወታሉ፣ ሳይመቻቸው ሲቀር ያቋርጣሉ፣ ያልሆነላቸውን ደግሞ በሌላ መንገድ ይሞክሩታል። ኋላ በታላላቅ አዳራሾች የታየው ትዕግሥት መነሻው ይኸው ነው።

ጃም የራሱ ሥርዓት አለው

በሮክና በጃዝ ቋንቋ «ጃም» የሚባለው ሙዚቀኞች አስቀድመው ያልጻፉትን ዜማ በጋራ እየፈጠሩ የሚጫወቱበት ጊዜ ነው። ከውጭ ሲሰማ ሁሉም የፈለገውን የሚያደርግበት ይመስላል። በቅርብ ያዳመጠ ሰው ግን ጥብቅ መደማመጥ እንዳለበት ይረዳል። «ዳርክ ስታር» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። መሠረቱ እጅግ ቀላል ነው፤ ሁሉም የሚያውቁት አንድ አጭር መግቢያ ዜማና ጥቂት ኮርዶች አሉት። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ክፍት ነው። ከሁለቱ የግጥም አንጓዎች በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል የሚሆነው ነገር በየምሽቱ ይለያያል። ባንዱ ይህን ሥራ ባለፉበት ዓመታት ሁሉ ከ200 ጊዜ በላይ በመድረክ ተጫውቶታል፤ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ የወጣበት ምሽት ግን የለም።

የዚህ ጨዋታ ልዩ ጠባይ ከባንዱ አቀማመጥ ይነሣል። በተለመደው የሮክ ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ከድራሙ ጋር ሆኖ መሠረቱን ይይዛል፤ ጊታሩ በላዩ ይሄዳል። በግሬትፉል ዴድ ውስጥ ግን የሌሽ ቤዝ ራሱን የቻለ ዜማ እያወጣ ከጋርሲያ ጊታር ጋር ይነጋገራል። ዊር ከሁለቱ መካከል ሆኖ በአጫጭር ኮርዶች ንግግሩን ያገናኛል፤ ይህን አያያዝ ከፒያኖ ተጫዋቹ ከማኮይ ታይነር ግራ እጅ እንደ ተማረ ራሱ ተናግሯል። ታይነር በጆን ኮልትሬን የጃዝ ኳርቴት ውስጥ ይጫወት የነበረ ሰው ሲሆን፣ ያ ኳርቴት በአንድ ቀላል መሠረት ላይ ለረዥም ጊዜ መጓዝ እንደሚቻል ለእነዚህ ወጣቶች ያሳየ አርአያቸው ነበር።

ነጻነቱ ከልፋት የመጣ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። «ዘ ኢሌቨን» የተባለው ሥራቸው ስሙ እንደሚያመለክተው በአሥራ አንድ ምት የሚቆጠር ነው፤ እንዲህ ባለው አስቸጋሪ አቆጣጠር ውስጥ እንደ ልብ ለመጫወት በልምምድ ቤት ብዙ ሰዓት ማሳለፍ ግድ ነበር። በ1969 ከ«ዳርክ ስታር» ወደ «ሴንት ስቲቨን»፣ ከዚያም ወደ «ዘ ኢሌቨን» ሳያቋርጡ ይሻገሩ ነበር። አድናቂዎች በጉጉት ከሚጠብቋቸው ቅጽበቶች አንዱ ይህ መሻገሪያ ነው። አንዱ ሥራ ገና ሳያልቅ የሚቀጥለው ምት ከሥሩ መሰማት ይጀምራል፤ ከሙዚቀኞቹ አንዱ ጥሪውን ያሰማል፣ ሌሎቹ ወዲያው ይቀበሉታል፤ አንዳንድ ጊዜም ጥሪው ሳይሰማ ያልፋል።

ይህ አደጋ የደስታው ክፍል ነው። በአዝማሪ ቤት ተቀምጦ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩን ከራሱ ልምድ ይረዳዋል። አዝማሪው ዓይኑን ወደ ታዳሚው ጥሎ ስንኙን በአፉ ላይ ሲያበጅ፣ ይመታለት ይሆን ወይስ ይሰናከል ብሎ ትንፋሹን የሚይዘው ሰው ስንኙ ሲመታ የሚሰማው ደስታ ከተዘጋጀ ዘፈን አይገኝም። የግሬትፉል ዴድ አድናቂዎችም ባንዱ መውደቁን አይክዱም። ባንዱ በኦገስት 1969 በውድስቶክ ፌስቲቫል ያቀረበው ጨዋታ ደካማ እንደ ነበር አባላቱ ራሳቸው ደጋግመው መስክረዋል፤ ዝናብ በመድረኩ ላይ ነበር፤ ማይክሮፎንና ጊታር ሲነኩ ኤሌክትሪክ ይይዛቸው ነበር። ያም ቅጂ ተጠብቋል፤ ይደመጣልም። መልካሙን ምሽት መልካም ያሰኘው ሊበላሽ ይችል የነበረ መሆኑ ነውና።

ሌሊቱን የያዘው የቴፕ ክር

በ1960ዎቹ መጨረሻ የሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያዎች የመድረክ ዝግጅትን ሁሉ የመቅረጽ ልማድ አልነበራቸውም። ግሬትፉል ዴድ ግን ኦውስሊ ስታንሊ የተባለ የድምፅ ባለሙያ ነበረው። ይህ ሰው በዚያ ዘመን ኤል.ኤስ.ዲ በማምረት በስፋት የታወቀ፣ ለዚህም በኋላ የታሰረ ነው። ከዚሁ ጎን ለጎን ለድምፅ ጥራት ልዩ ትኩረት የሚሰጥ ባለሙያ ነበር። የየምሽቱን ዝግጅት የሚቀርጸው ሥራውን ለመገምገም ነበር፤ ሙዚቀኞቹም ከዝግጅቱ በኋላ ቴፑን ሰምተው የጎደለውን ያርሙ ነበር። ለሽያጭ ያልታሰበው ይህ የሥራ ማስታወሻ ዛሬ የዘመኑ ዋና ምስክር ሆኗል። ስታንሊ በ2011 በአውስትራሊያ በመኪና አደጋ ሕይወቱ አለፈ፤ በስሙ የተቋቋመው ድርጅት የባንዱንና የሌሎች ሙዚቀኞችን ዝግጅት የያዙ ከ1,300 በላይ የቴፕ ጥቅሎችን በመጠበቅ ላይ ይገኛል።

ሁለተኛው ጎዳና ከታዳሚው መካከል የተከፈተ ነው። አንዳንድ አድናቂዎች የቴፕ መቅረጫና ማይክሮፎን በልብሳቸውና በቦርሳቸው ደብቀው ወደ አዳራሽ ይገቡ ጀመር። በ1971 በኒው ዮርክ ከተማ ቅጂዎቹን በነጻ የሚለዋወጡ ሰዎች ማኅበር ተመሠረተ፤ ከዚያው ክበብ በ1974 የወጣችው መጽሔት «ሬሊክስ» በሚል ስም እስከ ዛሬ ትታተማለች። ሕጉ ያልተጻፈ ቢሆንም ጥብቅ ነበር፤ ቅጂ በገንዘብ አይሸጥም። የሚፈልግ ሰው ባዶ ካሴትና የፖስታ ሂሳብ ይልካል፤ ቅጂ ያለው ሰው ገልብጦ ይመልስለታል፤ ተቀባዩም በተራው ለሌላው ይገለብጣል። ከካሴት ወደ ካሴት በተገለበጠ ቁጥር ሹክሹክታው እየጨመረ ድምፁ እየደበዘዘ ይሄዳል። ከወዳጁ የተዋሰውን ካሴት በሁለት መክተቻ ቴፕ የገለበጠ አንባቢ ያን ድምፅ ያስታውሰዋል። አድናቂዎቹም ለዚህ ሲሉ የእያንዳንዱን ቅጂ የዘር ሐረግ ይመዘግቡ ነበር፤ ከዋናው ስንተኛ ግልባጭ እንደሆነ፣ በየት በኩል እንደመጣ፣ ማይክሮፎኑ በአዳራሹ ውስጥ የት እንደቆመ ይጽፋሉ።

ባንዱ ይህን ድርጊት ሊከለክል ይችል ነበር። ብዙዎቹ የዘመኑ ባንዶች ይከለክሉ ነበርና። የጋርሲያ አቋም ግን ከራሱ ታሪክ የመነጨ ነው። በ1964፣ ባንዱ ከመመሥረቱ በፊት፣ ከአንድ ወዳጁ ጋር ሆኖ ከካሊፎርኒያ ተነሥቶ አገር አቋርጦ ተጉዟል፤ ዓላማውም የብሉግራስ ሊቃውንትን በየመድረካቸው አግኝቶ በቴፕ መቅረጽ ነበር። እርሱ ራሱ ሙዚቃን የተማረው አድናቂዎች በቀረጹት ቴፕ ስለሆነ፣ የተጫወቱትን ሙዚቃ ሰሚው ይዞት ቢሄድ አይከፋውም ነበር። በ1984 ኦክቶበር ወር ባንዱ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ፤ ከድምፅ መቆጣጠሪያው በስተኋላ ለሚቀርጹ ታዳሚዎች የተለየ ሥፍራና ትኬት አዘጋጀ። በስውር ሲሠራ የቆየው ሥራ በይፋ ታወቀ።

የሚጠቀሱት ሌሊቶች

አድናቂዎች ስለ መጀመሪያዎቹ ዓመታት ሲነጋገሩ ዓመተ ምሕረት፣ ከተማና አዳራሽ ጠርተው ነው። በፌብሩዋሪ 1970 በኒው ዮርክ ፊልሞር ኢስት አዳራሽ የተደረጉት ዝግጅቶች በመጀመሪያ ረድፍ ከሚጠሩት ናቸው። በ13ኛው ቀን ሌሊት «ዳርክ ስታር»፣ «ዘ አዘር ዋን» እና «ተርን ኦን ዩር ላቭ ላይት» ተከታትለው ሲጫወቱ እያንዳንዳቸው ግማሽ ሰዓት ያህል ወስደዋል። የመጀመሪያው ከዝምታ አፋፍ ላይ የሚጀምር፣ አንዳንድ ጊዜም ወደ ዝምታው የሚመለስ ጨዋታ ነው። በመጨረሻው ላይ ግን ፒግፔን ወደ ማይክሮፎኑ ይቀርባል፤ የተጻፈውን ግጥም ጨርሶ የራሱን እየጨመረ፣ ታዳሚውን እያናገረና እያሳቀ አዳራሹን ያነሣሣል።

ፒግፔን ለእነዚህ ቅጂዎች ልዩ ክብደት የሚሰጥ ሰው ነው። ከመጠጥ ጋር በተያያዘ ሕመም ተዳክሞ ማርች 8 ቀን 1973 በ27 ዓመቱ አረፈ። በስቱዲዮ አልበሞች ላይ ያለው ድርሻ ጥቂት ነው። ችሎታው ከሰው ፊት ሲቆም የሚወጣ፣ ከታዳሚው መልስ የሚቀጣጠል ዓይነት ስለ ነበር በስቱዲዮ ግድግዳ መካከል ሊያዝ አልቻለም። የመድረክ ቴፖቹ ባይኖሩ ኖሮ የባንዱ የመጀመሪያ ዓመታት ፊት የነበረው ይህ ድምፃዊ ለእኛ ስምና ፎቶግራፍ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። አንድ አድናቂ በልብሱ ሥር የደበቀው መቅረጫ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ የለም።

ሌላው ስሙ የሚነሣው ቀን ኦገስት 27 ቀን 1972 ነው። በኦሪገን ግዛት ቬኔታ በተባለች ሥፍራ የተደረገው ይህ የቀን ዝግጅት ዓላማው በዕዳ የተያዘ አንድ አነስተኛ የወተትና የእርጎ ፋብሪካን መርዳት ነበር። ፋብሪካው የኬን ኬሲ ወንድም ቤተሰብ ሲሆን፣ ትኬቶቹም የታተሙት በእርጎው መለያ ወረቀት ላይ ነው። ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለ ደረሰ የጊታሮቹ ክር ቅኝቱን ለመያዝ አስቸጋሪ ሆኖ ነበር። ሚኪ ሃርት ከ1971 መጀመሪያ ጀምሮ ከባንዱ ተለይቶ ስለ ነበር ድራሙን ክሮይትስማን ብቻውን ይዞታል። አድናቂዎች የዚህን ዘመን ጨዋታ ቅልጥፍና ከአንድ ድራመኛ ጋር ያያይዙታል፤ ሁለት ድራም ያለበት ባንድ ሲዞር ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ አንድ ድራም ያለው ግን በአንድ ምልክት አቅጣጫውን ይለውጣል። በ1969 ከባድና የተጋጋለ የነበረው «ዳርክ ስታር» በቬኔታ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲጓዝ ወደ ጃዝ የቀረበ፣ ብርሃን የበዛበት ሥራ ሆኗል።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብቻ ይበልጣሉ የሚለው አስተያየት በአድናቂዎቹ መካከል ሁሉ የተስማሙበት አይደለም። ብዙዎች በሜይ 8 ቀን 1977 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተደረገውን ዝግጅት ከሁሉ ያስበልጣሉ፤ የአሜሪካ የኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍትም ይህን ቅጂ በብሔራዊ የቀረጻ መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። በ1977 ባንዱ ይበልጥ የተስተካከለና የበሰለ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የሚመርጡ ሰዎች ክርክር ግን ከጥራት ጋር የተያያዘ አይደለም። በ1968ና በ1969 ቅጂዎች ውስጥ ሙዚቀኞቹ ወዴት እንደሚሄዱ ገና አያውቁም፤ ይህን ዓይነት ሙዚቃ በሮክ ባንድ መጫወት ይቻል እንደሆነ በመፈተን ላይ ናቸው። አድማጩ የሚሰማው አንድ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገኝ ነው። ይህን ደግሞ በኋላ ዘመን በተሻለ ችሎታ ሊደግሙት አይችሉም።

ንብረቱ የማን ነው?

ይህ ሁሉ ቅርስ ሳይሰናከል አልደረሰም። ባንዱን ለብዙ ዓመታት የቀረጸችው የድምፅ ባለሙያ ቤቲ ካንተር ጃክሰን በ1980ዎቹ አጋማሽ ችግር ላይ በወደቀች ጊዜ ቴፖቿ ያሉበት የዕቃ ማከማቻ ኪራይ ሳይከፈል ቀረ፤ በ1986ም ይዘቱ በጨረታ ተሸጠ። ከተሸጡት ጥቅሎች የተወሰኑት ለዓመታት እርጥበትና አቧራ ባለበት ሥፍራ ቆይተው ተጎድተዋል። ያነሷቸውና የጠገኗቸው፣ ግልባጫቸውንም ለሌሎች ያዳረሱት አድናቂዎች ናቸው። የኮርኔሉ ዝግጅት በይፋ ለገበያ የወጣው በ2017 ሲሆን፣ አድናቂዎች ግን ግልባጩን ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ይዘውት ነበር።

በኖቬምበር 2005 ደግሞ ከባድ ውዝግብ ተነሣ። ኢንተርኔት አርካይቭ በተባለው የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለሁሉ ክፍት ሆነው የነበሩት የባንዱ ቅጂዎች በባንዱ ወገን ጥያቄ በድንገት ተነሡ። አድናቂዎች ፊርማ አሰባስበው ተቃወሙ፤ ለዓመታት በራሳቸው ድካምና ወጪ የሰበሰቡት ነገር ነበርና። የባንዱም ወገን ክርክር ነበረው፤ ሙዚቃው የእነርሱ የሥራ ፍሬ ነው፤ የአልበም ገበያም እየቀነሰ ነበር። በመጨረሻ በአማካይ መንገድ ተስማሙ። ታዳሚዎች በማይክሮፎን የቀረጿቸውን ማንም አውርዶ መያዝ ይችላል፤ በቀጥታ ከመድረኩ የድምፅ መቆጣጠሪያ የተቀዱትን ግን እዚያው ከመስማት በቀር ማውረድ አይቻልም። ዛሬ በዚያ ስብስብ ውስጥ ከ10,000 በላይ የባንዱ ቅጂዎች ይገኛሉ።

አድናቂውና ባንዱ ፈጽሞ ተቃራኒ እንዳልሆኑ የሚያሳየው ደግሞ የዲክ ላትቫላ ታሪክ ነው። ላትቫላ በ1970ዎቹ በሐዋይ ተቀምጦ ቴፕ በፖስታ የሚለዋወጥ አድናቂ ነበር። የሰማውን ሁሉ በማስታወሻ ደብተር እየመዘገበ፣ የትኛው ምሽት ለምን እንደሚበልጥ እየጻፈ ኖረ። እውቀቱ ታውቆለት የባንዱ የቴፕ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነ፤ ከ1993 ጀምሮም የመረጣቸው ዝግጅቶች «ዲክስ ፒክስ» በሚል ርእስ በተከታታይ ታተሙ። እርሱ በ1999 ካረፈ በኋላ ሥራው ቀጥሎ 36 ቅጾች ደርሷል። የፊልሞር ኢስቱ የፌብሩዋሪ 1970 ዝግጅት ለገበያ የበቃው በዚሁ ተከታታይ አራተኛ ቅጽ ነው።

በጊዛ የተገናኙ ሁለት አደራዎች

የባንዱ ታሪክ ከእኛ አካባቢ ጋር የሚገናኝበት አንድ ምዕራፍ አለ። በሴፕቴምበር 1978 ከ14 እስከ 16 ባሉት ሦስት ምሽቶች ግሬትፉል ዴድ በግብጽ በጊዛ ፒራሚዶች ግርጌ ተጫወተ፤ በሦስተኛው ምሽት የጨረቃ ግርዶሽ ነበር። ጉዞውን ባንዱ በራሱ ወጪ ሲሸፍን፣ ገቢው ለግብጽ በጎ አድራጎትና ለቅርስ ጥበቃ ተሰጥቷል። በእነዚያ ምሽቶች ከሙዚቀኞቹ ጋር መድረክ የተጋራው ኑቢያዊው የዑድ ተጫዋች ሐምዛ ኤል ዲን ነው። እርሱና ወገኖቹ በከበሮና በጭብጨባ የጀመሩትን ዜማ የባንዱ አባላት አንድ በአንድ እየተቀላቀሉ ተቀበሉት፤ ኑቢያውያኑም ቀስ በቀስ መድረኩን ለእንግዶቹ ለቀቁ። የኑቢያ ዜማ በአምስት ድምፅ ቅኝት ላይ የቆመ በመሆኑ በትዝታና በባቲ ያደገ ጆሮ ቅጂውን ሲሰማ እንግድነት አይሰማውም።

እንደ ጨዋታ ጉዞው ብዙ ችግር ነበረበት። ክሮይትስማን እጁ ተጎድቶ ስለ ነበር በአንድ እጅ ድራም መታ፤ ፒያኖው ከቅኝት ወጥቶ ነበር፤ በዚህም ምክንያት የታሰበው አልበም ለሠላሳ ዓመት ቆይቶ በ2008 ታተመ። ሐምዛ ኤል ዲን ግን ከዚህ ጽሑፍ ርእስ ጋር የሚያገናኘው ሌላ ነገር አለው። የተወለደባት ቶሽካ የተባለችው መንደር በአስዋን ታላቁ ግድብ ምክንያት በውኃ ተውጣለች። እርሱ ወጣት ሳለ በኑቢያ መንደሮች እየተዘዋወረ፣ ሕዝቡ ከቦታው ከመነሣቱ በፊት ዘፈኖቹን ይሰበስብ ነበር። ውኃው ሲመጣ ምድሪቱ ሄደች፣ ዜማው ግን በእርሱና በመሰሎቹ እጅ ቀረ። በእርሱ ሥራና በካሴት ለዋዋጮቹ ሥራ መካከል ያለው የመጠንና የመከራ ልዩነት ታላቅ ነው። ሁለቱም ወገኖች ግን ነገ እንደማይኖር ያወቁትን ድምፅ ዛሬ ያዙት።

ቀሪው ሥራ

ጋርሲያ በኦገስት 9 ቀን 1995 ሲያርፍ ከ2,300 በላይ ዝግጅቶች ያቀረበው ባንድ በዚያ ስሙ መጫወት አቆመ። ፊል ሌሽም በኦክቶበር 2024 በ84 ዓመቱ አርፏል። የባንዱ ሰነዶች በሳንታ ክሩዝ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው ተመራማሪዎች ይጠቀሙባቸዋል። የ1960ዎቹ ቴፖች ግን በየዓመቱ ያረጃሉ፤ ክሩን የሸፈነው ማግኔታዊ ዱቄት እየረገፈ፣ ማጫወቻ መሣሪያዎቹም እየጠፉ ነው። ወደ ዲጂታል ያልተዛወረ ጥቅል ከጥቂት ዓመታት በኋላ ላይነበብ ይችላል። ይህንንም ሥራ ዛሬ ከሚሠሩት መካከል በእነዚያ አዳራሾች ገብተው የማያውቁ፣ አንዳንዶቹም ባንዱ ከፈረሰ በኋላ የተወለዱ አድናቂዎች ይገኙበታል።

ይህን ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመስማት የሚሻ አንባቢ በ1969 መጨረሻ ከታተመው «ላይቭ ዴድ» አልበም ቢጀምር መልካም ነው፤ በመግቢያችን የጠቀስነው የፌብሩዋሪ 27 «ዳርክ ስታር» የተቀመጠው በዚያ ነው። ከዚያ የፊልሞር ኢስትን ሌሊት፣ ቀጥሎም የቬኔታን ቀን ቢያዳምጥ አንዱ ሥራ በሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ ምን ያህል እንደ ተለወጠ በጆሮው ይረዳል። ቸኩሎ ባይሰማው ይመረጣል፤ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ምንም የማይሆንባቸው ሊመስሉ ይችላሉና። ሙዚቀኞቹም በዚያች ሰዓት በመጠበቅ ላይ ነበሩ።